የደመላሽ አፍ

ፈንታውን ፈረሱ ገደለው ተባለ። የሆነው የሚካኤል ታቦት ከጥምቀተ ባሕሩ ወደ መንበሩ በተመለሰበት ዕለት፣ ከሙጃ በላይ ባለው በጓሣ ሜዳ ላይ ነው። ጉግሱ ሞቅ ብሎ ነበር። ፈንታው ሲያባርር ቆይቶ ተራው መሸሽ ሲሆን፣ ዳማ ፈረሱን ባለበት ሊያዞረው ፈልጎ የልጓሙን ማሰሪያ፣ ዛቡን፣ በሁለት እጁ ጨምድዶ ወደ ደረቱ ሳበው። ፈረሱ አፉን ከፍቶ፣ አንገቱን ቆልምሞ፣ በኋላ እግሮቹ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፈንታው አልለቀቀም፤ እንዲያውም አጠበቀ። እንስሳው ሌላ መሄጃ ሲያጣ ወደ ኋላው ተገነደሰ። ፈንታው ከሥር ሆነ፤ የኮርቻው ጉብታ ደረቱ ላይ አረፈ። ካህን እስኪደርስ እንኳ አልቆየም።

ያን ቀን በሜዳው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ያየው የፈረሱን መነሣት ነው። የፈንታው ሚስት ብርቅዬ ግን ከሴቶቹ መካከል ቆማ የምታየው የባሏን እጅ ነበር። ከመውደቁ በፊት "ልቀቅለት" የሚል ቃል ከአፏ ወጥቷል፤ በእልልታው ውስጥ ማንም አልሰማትም። እሷም ጮክ ብላ አልተናገረችውም። ባሏን በሰው ፊት ማዘዝ አልለመደችም።

ብርቅዬ ስለ እጅ ታውቃለች። አባቷ ተክለ ሚካኤል በዚያ ደጋ ስሙ የተጠራ ፈረስ ገሪ ነበር፤ ከብልባላ ሳይቀር ፈረስና በቅሎ እየጎተቱ ይመጡበት ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ልጓም ማጠቡን፣ ዛብ በቅቤ ማሸቱን፣ ያልተገራ ግልገል ፈረስ በሜዳ ላይ ማዞሩን የተማረችው እሷ ናት። "ፈረስ የሚገራው ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ነው" ይላት ነበር። "ዳገትና ቁልቁለት ላይ ጥፋቱ የፈረሱ ይሁን የአንቺ አይለይም። ሜዳ ላይ ግን ጥፋቱ ሁሉ የአንቺ ነው።" ካገባች በኋላ ፈንታው ሴት ፈረስ ላይ ወጥታ ቤት አይቆምም ስላለ፣ ዛብ ሳትነካ ዓመታት አለፉ።

ፈንታው ክፉ ሰው አልነበረም። ሠርቶ አዳሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበር። እጁ ግን ከባድ ነው፤ በበሬው ላይም፣ በፈረሱ ላይም፣ በእሷም ላይ። በከንፈሯ ጫፍ ላይ ያለችው ጠባሳ ከምን እንደመጣች ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ አንድ ቀን ግን የጠየቃት የለም።

የፈረሱ ስም ደመላሽ ነው። ስሙን ያወጣለት ፈንታው ራሱ ነበርና ከቀብሩ በኋላ ሰው "ስም ይመራል" እያለ ያንሾካሽክ ጀመር። አርባው እስኪወጣ ደመላሽ ከበረቱ ኋላ እንደታሰረ ከረመ። የሚቀርበው አልነበረም። ገብስ የሚወረውርለት ልጇ ኢያቄም ነው፤ እሱም ከሩቅ፣ ዐይኑን ሳያነሣ።

የአርባው ዕለት ዘመድ ከተበተነ በኋላ የፈንታው ታላቅ ወንድም ደርበው ከደጅ ባለው መደብ ላይ ተቀመጠ፤ ጠመንጃውን በጉልበቱ ላይ አጋድሞታል።

"ሰው የገደለ እንስሳ ቤት አይውልም" አለ። "ነገ ወደ ገደሉ ወስጄ በጥይት እለዋለሁ። ጅብ ይብላው።"

"አይሞትም" አለ ኢያቄም። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ጢሙ ገና ማቀምቀም የጀመረ፣ ትከሻው ግን የአባቱን ትከሻ ያከለ ጎረምሳ ነው። "እኔ ነኝ የምወጣበት። በሚመጣው ጥምቀት፣ በዚያው ሜዳ ላይ። አለዚያ ዕድሜ ልኬን አባቱን ፈረስ የገደለበት እየተባልኩ ልኖር ነው።"

ደርበው የወንድሙን ልጅ ትክ ብሎ አየው፤ ፊቱ ፈካ አለ። "ወንድ ልጅ ሲወለድ ለዚህ ነው" አለ።

ብርቅዬ የልጇን እጅ አየች። ልጇ ጥጃ ሲጎትት ብዙ ጊዜ አይታዋለች። ገመዱን በእጁ ላይ ይጠመጥማል፤ ጥጃው እሺ ብሎ መራመድ ከጀመረ በኋላም መጎተቱን አይተውም። ያ የአባቱ እጅ ነው። ፈረሱ ቢገደል ደግሞ ኢያቄም ሌላ ፈረስ ፈልጎ መውጣቱ አይቀርም፤ የተናገረውን ነገር የሚያጥፍ ልጅ አይደለም።

"አያ ደርበው" አለች፤ "ከቃልዎ መውጣቴ አይደለም። ፈረሱን ግን እስከ መስከረም ለእኔ ይተዉልኝ። የተክለ ሚካኤል ልጅ ነኝ። ካልተገራ ያኔ ያሰቡትን ያድርጉ።"

"ጥቁር ለብሰሽ ፈረስ ላይ ልትወጪ?"

"መጀመሪያ ከመሬት ሆኜ ነው የምሠራው። መውጣቱ ይደርሳል።"

ደርበው ተነሣ። ጠመንጃውን አንግቶ ወጣ። እሷም ዝምታውን እንደ ፈቃድ ቆጠረችው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ ወደ ደመላሽ ሄደች። ወዲያው አልነካችውም። ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች፤ ትንፋሹ ትከሻዋ ላይ እስኪደርስ ጠበቀች። ከዚያ አፉን ከፍታ አየች። ምላሱ ላይ አግድም የተቆረጠ ቦታ አለ። የከንፈሩ ጫፍና ጫፍ ተቀዶ፣ ደርቆ፣ እንደ ጫማ ቆዳ ጠጥሯል። የታችኛው መንጋጋው አጥንት ላይ ቁስል አለ፤ ጣቷን ስታስጠጋ ብቻ ፈረሱ ራሱን ወደ ሰማይ ወረወረ።

የፈንታው ልጓም በመንጋጋ ዙሪያ የሚገባ የብረት ቀለበት ያለው፣ የድሮ ልጓም ነው። ዛቡ ትንሽ ሲነካ ቀለበቱ መንጋጋውን ይጨብጣል። በልዝብ እጅ ሲያዝ በሹክሹክታ ያዝዛል፤ በከባድ እጅ ሲያዝ አጥንት ያደቅቃል። ብርቅዬ ልጓሙን ወስዳ ከምሰሶው ላይ ሰቀለችው። አፉን በጨው ውኃ አጠበችው፤ ቁስሉን በቅቤ አለሰለሰችው። ብረት እስኪችል ድረስ ከጠፍር የተጎነጎነ ማሰሪያ በአፍንጫው ላይ አድርጋ ዛቡን ከእሱ ጋር አያያዘችው፤ አፉ ውስጥ ምንም እንዳይገባ።

ከቤታቸው በታች ያለው መስክ ጠፍጣፋ ነው። እዚያ ላይ ከአንገቱ አጠገብ እየሄደች ሥራዋን ጀመረች። ሥራው ለሚያየው ሥራ አይመስልም። ወደ ቀኝ ስትፈልገው ዛቡን ወደ ኋላ አትስበውም፤ እጇን ከአንገቱ አርቃ ወደ ጎን ትከፍትለታለች። ከዚያ ትጠብቃለች። አፍንጫው ጥቂት ዘወር ሲል፣ እግሩ ገና ሳይከተል፣ ጣቶቿን ታላላለች። ፈረስ የሚማረው ሲሳብ ሳይሆን ሲለቀቅለት ነው፤ የለቀቁለትን ነገር ይወደዋል፣ ይደግመዋል። ይህን አባቷ በቃል አልነገራትም፤ እጇን በእጁ ይዞ ነው ያሳያት።

ወደ ቀኝ ቶሎ ገባው። ወደ ግራ ግን አልሆነም። ፈንታው ሁልጊዜ የሚያዞረው በግራ ነበርና የግራው ዛብ ገና ሲንቀሳቀስ ደመላሽ አንገቱን እንደ ግንድ ያደርቃል፤ ዐይኑ ይነጣል። አንድ ቀን ትከሻው ገፍቶ ጣላት፤ ሲያልፍ ኮቴው ጭኗን ነካት። ጠቁሮ ያበጠውን ለማንም አላሳየችም። ተነሣች፤ ልብሷን አራገፈች፤ እጇን እንደገና ወደ ግራ ከፈተች፤ ከቀድሞው ባነሰ፣ ጣት በምታህል። ቆመው ዋሉ።

ሰው ማየቱ አልቀረም። "የባሏን ገዳይ ታሽሞነሙናለች" አሉ። ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ከምንጩ ዳር ያሉት ሴቶች ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ብርቅዬ እንስራዋን ሞልታ ትመለሳለች፤ ለሰላምታዋ መልስ የሚሰጥ አታገኝም።

የበልጉ ዝናብ ጥሎ መስኩ ሲረጥብ፣ አንድ ጠዋት፣ እጇ ገና ሳይከፈት ደመላሽ አፍንጫውን ወደ ግራ አዞረ። ዛቡ እንደላላ ነበር። ፈረሱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ከንፈሩን ላሰና በረጅሙ ተነፈሰ። ብርቅዬ እዚያው እርጥብ ሣር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለባሏ እንኳ በዚያ ዓይነት አላለቀሰችም፤ ይህም ቆይቶ ሌላ ጸጸት ሆነባት።

ክረምቱ ሲገባ ወጣችበት። ለአፉ ቀጭንና ለስላሳ ብረት አገኘችለት፤ ቀለበት የሌለው፤ እሱንም መጀመሪያ በጨርቅ ጠቀለለችው። አሁን ሁለቱ ዛቦች እንዴት እንደሚነጋገሩ አስተማረችው። አንዱ መንገዱን ይከፍታል፤ ሌላው ከአንገቱ ጎን ጠጋ ብሎ "ወዲያ ሂድ" ይለዋል። ሊያቆሙት ሲሹ አይስቡም። ወገብ ከኮርቻው ላይ ይከብዳል፣ ጣቶች ይጨብጣሉ፣ ፈረሱ ሲቆም ጣቶች ይከፈታሉ። ጭጋግ በወረደበት መስክ ላይ ክብ እየሠሩ፣ ክቡን እያጠበቡና እያሰፉ፣ ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ እርምጃ ሲሉ ይውላሉ። የሚሰማው የኮቴው ድምፅና የእሷ ትንፋሽ ነው።

አገሩ ጦርነት ላይ ነበርና ከጋሸና አቅጣጫ ተኩስም አልፎ አልፎ ይሰማል። መንገዱ ይከፈታል ይዘጋል። ስልክ ከሠራበት ያልሠራበት ቀን ይበዛል። በየመንደሩ ጎረምሶች አንድ በአንድ ጠፉ፤ እናቶቻቸው ሲጠየቁ "ለሥራ ሄደ" ይላሉ። ብርቅዬ ኢያቄም ከማን ጋር እንደሚውል ትከታተል ነበር።

እሱም በበኩሉ እሷን ይከታተላት ነበር። አንድ ቀን ከአጥሩ ተሻግሮ መጣ።

"እማ፣ ይሄን ያህል ጊዜ ክብ ስትዞሪ አልሰለቸሽም? እኔ በአንድ ቀን ልክ አስገባው ነበር።"

ብርቅዬ ወርዳ ዛቡን ሰጠችው። ኢያቄም ዘሎ ወጣ። ገና ጥቂት ሳይራመድ ክርኖቹ ወደ ኋላ ተሰበሰቡ። ደመላሽ አንገቱን አደረቀ፤ ዐይኑ ነጣ።

"ውረድ" አለችው።

"ምን አደረግሁ?"

"ውረድ አልኩህ።"

ቤት ገብታ የፈንታውን ልጓም ከምሰሶው አወረደችና ተመለሰች። ብረቱን በሁለት እጇ ውስጥ አድርጋ ጨበጠች፤ ቀለበቱ ጣቶቿ ላይ ነው። ዛቡን ለልጇ ወረወረችለት፤ ጀርባዋን ሰጥታው ቆመችና ዐይኗን ጨፈነች።

"ፈረሱ እኔ ነኝ" አለች። "ወደ ግራ አዙረኝ።"

ኢያቄም ሳቀ። ከዚያ ሳበ። ብረቱ ጣቶቿን ከአጥንታቸው ጋር ጨፈለቃቸው።

"ሳብከኝ" አለች። "እኔ ግን ምን እንደፈለግህ ገና አልገባኝም። መጀመሪያ ጠይቀኝ።"

ደግሞ ሞከረ። ዞረችለት። ዛቡ ግን እንደተወጠረ ቀረ።

"ይኸው ዞርኩልህ። ለምን አልለቀቅህም?"

"እንዳትመለሺ ብዬ።"

"አባትህም እንዳይመለስ ብሎ ነበር የማይለቀው" አለች።

ብርቅዬ ዐይኗን ገልጣ ስትዞር ኢያቄም ከንፈሯን እያየ ነበር፤ ያችን ጠባሳ። ዛቡ ከእጁ ላይ ቀስ ብሎ ላላ። እሷም እንዳላየች ሆና ጀርባዋን መልሳ ሰጠችው። "እንደገና" አለችው።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላው በሙሉ በዚህ አለቀ። ጣቶቿ አበጡ፤ በኋላ ግን ልጇ ጣቱን ማንቀሳቀሱን ሳይጨርስ የሚፈልገው ነገር ይገባት ጀመር። "እንዲህ ነው?" ይላታል። "እንዲህ ነው፤ እንዲያውም ከዚህ ያነሰ" ትለዋለች። ከባሏ ጋር በኖረችበት ዘመን ሁሉ "ከዚህ ያነሰ" ብላ ስትለምን ሰሚ አላገኘችም ነበር፤ ልጇ ግን ሰማት።

መስከረም ሲጠባ ኢያቄም ደመላሽን በመስኩ ላይ ዛቡን በሁለት ጣቱ ይዞ ያዞረው ነበር። አንድ ክብ ወደ ቀኝ፣ መሐል ላይ ቀጥ፣ አንድ ክብ ወደ ግራ። ፈረሱ አንገቱን ቀስት አድርጎ ብረቱን በቀስታ እያላመጠ ይሄዳል። ልጁ ሲያልፍ ዘወር ብሎ ያያታል፤ አየሽ ወይ እንደማለት። ብርቅዬ ከወለደችው ጀምሮ እንደዚያ ደስ ብሎት አይታው አታውቅም። እጁ በሌላውም ነገር ላይ ለስልሶ ነበር። ጥጃውን ሲነዳ፣ እንጨት ሲያወርድላት፣ በሩን ሲዘጋ ሳይቀር።

ደርበው ሊያይ መጣ። ከአጥሩ ዳር ብዙ ቆመ። ሊሳደብ የመጣ ሰው ነው፤ ስድቡን ግን አጣው። "ይህ እንግዲህ ተኩስ መሐል እንኳ የሚነዱት ፈረስ ነው" አለ በመጨረሻ። ለማመስገን ያለው ነው። ብርቅዬ ግን ቃሉን አልወደደችውም፤ እንዳልሰማች ሆና ወደ ፈረሱ ሄደች።

ጥምቀት ደረሰ። ታቦቱ ወረደ፤ ታቦቱ ገባ። ጉግስ ግን አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ፈረሰኛ በሜዳ ላይ ተሰብስቦ ከሩቅ ሲታይ ጦር እንዳይመስል ፈርተው "ዘንድሮ ይቅር" አሉ። ኢያቄም ደመላሽን አጥቦ፣ ግላስ አልብሶ፣ ከሜዳው ዳር ይዞት ቆመ። የተሰበሰበው ሰው ከታቦቱ ኋላ እየዘመረ አለፈው። በዚያ ሜዳ ላይ አባቱ የሞተበትን ፈረስ ሊጋልብ ዓመት ሙሉ የጠበቀው ልጅ፣ ሰው ሁሉ ሲበተን ፈረሱን በእጁ ጎትቶ ወደ ቤት ተመለሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ አልተናገረም።

በየካቲት አንድ ጠዋት ብርቅዬ ከበረቱ ስትወጣ ደመላሽን ተጭኖ አገኘችው። ኢያቄም ወጥቶበታል። ከመንደሩ በላይ ካለው ከጅብራው ዛፍ አጠገብ ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት ሰዎች ቆመው ይጠብቁታል። ሄዳ የግራውን ዛብ ከፈረሱ አፍ ሥር ያዘች።

"ወዴት ነው?"

"ታውቂዋለሽ፣ እማ።"

"ፈረሱ የእኔ ነው።"

"ያንቺ ነው። ስመለስም ያንቺ ነው።"

"የአባትህን ሙት ዓመት ገና ማውጣቴ ነው፣ ኢያቄም።"

"ብቀመጥም እኮ ይመጡብኛል" አለ። ድምፁ የቁጣ አልነበረም። "አንዱ ወገን ቢተወኝ ሌላው አይተወኝም። ጎትተው ከሚወስዱኝ መርጬ ብሄድ ይሻላል። ልቀቂኝ።"

ብርቅዬ አልለቀቀችም። እሱም ፈረሱን አልኮለኮለም፤ አለንጋም አላነሣም። ሁለቱ በአንድ አፍ ላይ ያለ ዛብ ይዘው ቆሙ። ደመላሽ አንዱን ጆሮ ወደ እሷ፣ አንዱን ወደ እሱ አድርጎ ማንን እንደሚሰማ ጠፋው። ብትይዘው ፈረሱ እንደማይሄድ ታውቃለች። ልጇም ከእሷ ጋር እንደማይታገል ታውቃለች፤ ወርዶ በእግሩ ይሄድ ይሆናል፣ ወይም ደግሞ ይቀር ይሆናል። ከዚያ ፈረሱ አፉን መክፈት ጀመረ። ብረቱ በሁለት በኩል ተወጥሮ የዳነው ጠባሳ ላይ ደርሶ ነበር። ዐይኑ ነጣ።

ጣቶቿ ተከፈቱ።

ለምን እንደለቀቀች ኋላ ብዙ ጊዜ ራሷን ጠይቃለች። ለልጇ አዝና ይሁን ለፈረሱ አፍ አዝና እስከ ዛሬ አልለየችውም። ኢያቄም ጎንበስ ብሎ ራሷን ሳማት። ፈረሱን በአንድ ጣት ወደ ዳገቱ አዞረው፤ እሷ እንዳስተማረችው፣ አፉን ሳይነካው።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ከጋሸና በታች፣ ከመንገዱ ዳር ከሚኖሩት ነጋዴዎች አንዱ፣ ያሲር የሚባል ሰው ደመላሽን በእጁ እየሳበ ወደ መንደሩ ወጣ። ጫማው በጭቃ ተለውሷል። ብርቅዬ ፈረሱ ላይ ሰው አለመኖሩን ከሩቅ አየች። የያዘችውን ሰፌድ መሬት ላይ አስቀመጠችና ቆማ ጠበቀችው።

"የኢያቄም እናት አንቱ ነዎት?" አላት።

"እኔ ነኝ።"

"ያሲር እባላለሁ። ልጅዎ ሁለት ሌሊት ግቢዬ አድሮ ነበር" አለ። ዐይኑን ከመሬት አላነሣም። "ፈረስ ከሩቅ ይታያል ብሎ እኔ ዘንድ ትቶት በእግሩ ሄደ። 'ካልተመለስኩ ለእናቴ' አለኝ። ከዚያ ተኩሱ መጣ። ጥይቱ ከየት ወገን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ጸጥ ሲል ወጥተን አገኘናቸው፤ እሱና አምስት የሚሆኑ። ቄሱ ነበሩ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አብረን ቀበርናቸው። መገነዣ አልነበረም፤ ባለቤቴ ፈትሂያ ለቤት የያዘችውን አቡጀዲ አወጣች። አላህ ያጥናዎት፣ እናቴ።"

ብርቅዬ ወደ ፈረሱ ተጠጋች። ኋላ "ፈረሱን እርስዎ ዘንድ ሲተወው ምን አለ?" ብላ ጠየቀች።

"'ማንም አይውጣበት' አለ። 'ውኃ ስታጠጣው አትጎትተው፤ ገመዱን አላልተህ ጠብቀው፣ ራሱ ይመጣል' አለኝ። ወላሂ፣ እንዳለኝ አደረግሁ። ለዚህ ነው በእግሬ የመጣሁት።"

ያን ጊዜ ነው ጩኸቷ የወጣው። ጎረቤት ከየአቅጣጫው ሲሮጥ ያሲር የፈረሱን ዛብ እንደያዘ፣ ለማን እንደሚሰጠው ጨንቆት፣ አብሮ ያለቅስ ነበር።

ለቅሶው በጓሣ ሜዳ ሆነ። ሬሳ ስለሌለ እንደ አገሩ ልማድ ፈረሱን ጭነው፣ የኢያቄምን ጋቢና ዱላ ከኮርቻው ላይ አስረው በለቀስተኛው መሐል ሊያዞሩት ነው። የሚስበው ደርበው ነው። አስለቃሿ ግጥሟን ስታወርድ፣ ሰው ደረቱን ሲደቃ፣ ደርበው በኀዘን ኃይል ዛቡን ከመንጋጋው ሥር ጨብጦ ቁልቁል ይጎትተዋል። ደመላሽ አንገቱን አደረቀ። ወደ ኋላ ተንፏቀቀ። የፊት እግሮቹ ከመሬት መነሣት ሲጀምሩ ለቀስተኛው ተገፋፍቶ ሸሸ፤ የፈንታውን ቀን ያላስታወሰ የለም።

ብርቅዬ በሰዎቹ መሐል አልፋ ሄደች። ፊቷ ተቧጥሮ ደምቷል፤ ነጠላዋ ወድቋል።

"ይተዉት፣ አያ ደርበው" አለች።

"ይገድልሻል።"

"እጅዎን ይክፈቱ።"

ደርበው እጁን ከፈተ። ብርቅዬ ዛቡን በሁለት ጣቷ ያዘች፤ ከአንገቱ አጠገብ ቆመች፤ ትንፋሹ እስኪወርድ ጠበቀች። ከዚያ ሄዱ። ወደ ቀኝ ከፈተችለት፤ ዞረ። ወደ ግራ ከፈተችለት፤ ዞረ። የልጇ ጋቢ በኮርቻው ላይ በእርምጃው ልክ ይወዛወዛል። ሜዳው ጸጥ አለ፤ አስለቃሿም ዝም አለች። ሁለቱ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ትልቅ ክብ ሠርተው ከተነሡበት ሲደርሱ ነው ሰው እንደገና ማልቀስ የጀመረው፤ ደርበው ከሁሉም አብልጦ።

ከለቅሶው በኋላ ብርቅዬ ፈረሱን ለገብስ መጫኛ እንኳ አላደረገችውም። ከመስኩ ላይ ተለቅቆ ይውላል። እሷም ከቤት ብዙ አትወጣም። ክረምቱ ሊገባ ሲል ግን ደርበው አንድ ጠዋት ጉራች ግልገል ፈረስ እየሳበ መጣ፤ ከኋላው ትንሹ ልጁ ደሳለ ይከተለዋል፤ የኢያቄም እኩያ ነው። ደርበው እንደ በፊቱ መደቡ ላይ አልተቀመጠም። ቆሞ ነበር የተናገረው።

"ግሪልኝ፣ ብርቅዬ። ልጁንም አስተምሪልኝ።"

"አልችልም" አለች። "እኔ የገራሁት ፈረስ የት እንደሚያደርስ አይተዋል። ክፉ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ልጄ አይሄድበትም ነበር።"

"ይሄ ግን ይሄዳል" አለ ደርበው፤ ራሱን ወደ ልጁ ነቀነቀ። ድምፁ ተሰበረ። "ቢገራም ይሄዳል፣ ባይገራም ይሄዳል። ለምኜዋለሁ። ገርፌዋለሁ። ባልተገራ ፈረስ ሄዶ ገና ከዳገቱ ሳይወርድ አንገቱ ቢሰበር ለማን እላለሁ? ቢያንስ የሚሰማው ነገር ይያዝ።"

ብርቅዬ ደሳለን አየችው። ገመዱን በእጁ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ፣ ግልገሉን ከአፍንጫው አስጠግቶ ይዞታል። እሺ ማለቱ ጥፋት እንደሆነ ታውቃለች፤ እምቢ ማለቱም ጥፋት እንደሆነ ታውቃለች። ወደ ልጁ ሄደችና ገመዱን ከእጁ ላይ ፈታችው።

"መቼ ነው የምወጣበት?" አላት ደሳለ።

"ዘንድሮ አይደለም" አለችው። "ገና አፉን አላየሁትም።"